“ጦሩ መርጦታል” ለአንተ ማስረጃ አይሆንም

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ወጣ እንላለን፤ ብዙ ግን አንርቅም። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች ግሩፖች ውስጥ አንድ የማይሞት ክርክር አለ። አንድ የመጠጥ መሸጫ ወይም ነዳጅ ማደያ ይዘረፋል። ገንዘብ መቀበያው ጋ የቆመው የእኛ ልጅ ነው። ማታ ግሩፑ ይጋጋላል። አንዱ “ከእንግዲህ ባዶ እጄን አልቆምም፣ ሽጉጥ ልገዛ ነው፣ የትኛው ይሻላል?” ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ነው። ግሎክ የሚል፣ ሲግ የሚል፣ ቤሬታ የሚል፣ “ወንድ ልጅ ባለ 45 ነው የሚይዘው” የሚል። በመጨረሻ አንድ ሰው ብቅ ይልና ክርክሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋዋል፦ “ሲግ ፒ 320 ግዛ። የአሜሪካ ጦር ራሱ የመረጠው ነው።”

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ሽጉጥ አትግዙ ልላችሁ አልመጣሁም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ብቻውን ባንኮኒ ኋላ የሚቆመውን ወንድሜን፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እስኪነጋ የምትቀመጠውን እህቴን “አትፍሩ” የማለት መብት የለኝም። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው። ጠቤ ፍርሃታቸውን ተጠቅመው ያላጣሩትን ምክር በልበ ሙሉነት ከሚያድሉት ጋር ነው። ሰው ጫማ ሲገዛ ለክቶ ነው፤ ሽጉጥ ሲገዛ ግን “እገሌ ይዞታል” ይበቃዋል።

እሺ፣ ጦሩ የመረጠው ምንድን ነው? እንዴትስ መረጠው?

የአሜሪካ ጦር ከ1985 ጀምሮ ሲጠቀምበት የኖረውን የጣሊያኑን ቤሬታ የሚተካ ሽጉጥ ሲያወዳድር ቆይቶ በጥር 2017 ሲግ ሳወርን አሸናፊ አለ። ውሉ እስከ 580 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ነው። ተሸናፊው ግሎክ አቤት አለ። አቤቱታውን የመረመረው የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት በሰኔ 2017 ውድቅ ሲያደርገው የሁለቱንም ዋጋ ይፋ አደረገ፦ ሲግ 169.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ግሎክ 272.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ልዩነቱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ጦሩ ሁለቱንም መዝኖ፣ በገንዘቡ የተሻለውን ወሰደ። በዚህ ነውር የለም፤ የጨረታ ሥራ እንዲህ ነው። ግን “ጦሩ መረጠው” የሚለውን ስትሰሙ ጄኔራሎች ተሰብስበው ከዓለም ሽጉጦች ሁሉ የመጨረሻውን ጀግና የሾሙ አይምሰላችሁ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዕቃ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ነው የመረጠው። አንተ የምትገዛው አንድ ነው። ለእሱ የ100 ሚሊዮን ዶላር ልዩነት የሆነው ለአንተ መደርደሪያው ላይ ሃምሳ ዶላር ቢሆን ነው።

ይህ ግን ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ነገር ጦሩ የወሰደውና አንተ ሱቅ ገብተህ የምትገዛው አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። ጦሩ ኤም 17 እና ኤም 18 ብሎ የተረከበው ሽጉጥ በአውራ ጣት የሚዘጋና የሚከፈት መጠበቂያ፣ ብዙዎቻችን ሴፍቲ የምንለው፣ አለው። ጦሩ ይህን በግልጽ ጠይቆ ነው ያሠራው። ለሲቪሉ ገበያ ከሚሸጠው ፒ 320 ውስጥ አብዛኛው ግን ይህ መጠበቂያ የለውም። በግሩፑ ውስጥ “የጦሩ ምርጫ” እያለ ፎቶ የሚለጥፈው ሰው የለጠፈውን ፎቶ እንኳን አላየውም።

መጠበቂያው ለምን አስፈለገ? እዚህ ላይ ታገሡኝ፤ ትንሽ ወደ ብረቱ ሆድ መግባት አለብን።

ግሎክም ሆነ ፒ 320 ከኋላ የሚታይ መዶሻ የላቸውም። ጥይቱን የሚመታው በውስጥ፣ በሞላ የተወጠረ መርፌ ነው። ግሎክ ላይ ሽጉጡ ተቀባብሎ ሲቀመጥ ሞላው በከፊል ብቻ ነው የተወጠረው፤ ቀሪውን ውጥረት የሚጨርሰው ምላጩን የሚስበው ጣትህ ነው። ፒ 320 ላይ ሞላው ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ተወጥሮ ነው የሚቀመጠው። ምላጩ የሚሠራው መልቀቅ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የሲግ ምላጭ ለስለስ ያለ፣ አጠር ያለ፣ ለተኳሽ የሚጥም ነው፤ ሱቅ ውስጥ ደረቅ ተኩስ ሲሞክሩት ብዙዎች “ይሄማ ቅቤ ነው” የሚሉት ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ግሎክ ምላጩ መሐል ላይ ትንሽ ምላስ አለችው፤ እሷ ካልተጫነች ምላጩ አይንቀሳቀስም። የተለመደው ፒ 320 ይህች ምላስ የለችውም። እንግዲህ የተወጠረ ሞላ፣ ቀላል ምላጭ፣ ምላስ የሌለው፣ የአውራ ጣት መጠበቂያ የሌለው። በውስጡ መርፌውን የሚይዙ መቆለፊያዎች አሉት፤ ኩባንያውም በእነሱ ይምላል። እነዚያ በትክክል እስከሠሩ ድረስ ችግር የለም። ጥያቄው ካልሠሩስ ነው።

በ2017 ካልሠሩ ምን እንደሚሆን ታየ። የመከላከያ ሚኒስቴሩ የፍተሻ ክፍል ባወጣው ሪፖርት እንደተመዘገበው፣ የጦሩ ናሙና በመጣል ፍተሻ ጊዜ ምላጩ ሳይነካ ተኩሶ ነበር፤ ኩባንያውም ቀለል ያሉ የውስጥ ዕቃዎች ገጥሞ አስተካከለለት። በነሐሴ 2017 ደግሞ የግል ፈታሾች የሲቪሉን ሽጉጥ በተወሰነ አቅጣጫ መሬት ላይ ሲጥሉት ሲተኩስ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቁ። የዳላስ ፖሊስም ሽጉጡን ከአገልግሎት አገደ። ኩባንያው በዚያው ወር “በፈቃደኝነት የሚደረግ ማሻሻያ” የሚል ስም ሰጥቶ፣ የላኩለትን ሁሉ በነፃ አስተካክሎ እመልሳለሁ አለ።

ቃሉን ልብ በሉ። “ጉድለት አለበት፣ መልሱ” አላለም። ማሻሻያ ነው ያለው። ስልካችሁ ላይ እንደሚመጣው ዓይነት። የፈለገ ይላክ፣ ያልፈለገ ይቅር። ስለዚህ ከዚያ በፊት ተሠርተው ያልተላኩ ሽጉጦች ዛሬም በሰው መሳቢያ ውስጥ አሉ፤ ከእጅ ወደ እጅም ይሸጣሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ክስ ደግሞ ስለ መውደቅ አይደለም። “አፎቱ ውስጥ እንዳለ፣ ምላጩን ሳልነካው ተኮሰ” የሚሉ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ፖሊሶች፣ በየግዛቱ ከሰሱ። በሰኔ 2024 ጆርጂያ ውስጥ የተቀመጠ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኞች ጉባኤ ጭኑን ለተመታ ሰው 2.35 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። በኅዳር 2024 ፊላደልፊያ ውስጥ ለአንድ የቀድሞ የጦር ሠራዊት አባል 11 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደ፤ ሰውየው ሽጉጡን ከነአፎቱ ዚፕ ያለው ኪስ ውስጥ ከትቶ ደረጃ ሲወርድ ነው የተተኮሰው። በሐምሌ 2025 የኢሚግሬሽን ፖሊሱ፣ አይስ የምንለው፣ ፒ 320ን ከልክሎ ግሎክ ግዙ አለ። የዋሽንግተን ግዛት የፖሊስ ማሠልጠኛም አግዶታል።

አሁን ለእውነት ሲባል የሌላውንም ወገን ልናገር። ኩባንያው በጥብቅ ይክዳል። ምላጩ ሳይሳብ ይህ ሽጉጥ በምንም ሁኔታ አይተኩስም፣ ችግሩ የተጠቃሚው ጥንቃቄ ማነስ ነው፣ ይላል። ያሸነፋቸው ክሶች አሉ፤ የከሳሾቹ ባለሙያዎች በቂ ማስረጃ አላቀረቡም ተብለው የተዘጉም አሉ። የተፈረደበትንም አልተቀበለም። በሐምሌ 2025 ዋዮሚንግ ውስጥ በሚገኝ የአየር ኃይል ሰፈር አንድ ወጣት ሲሞት፣ ኢንተርኔቱ ሁሉ “ይኸው ሲግ ገደለ” ብሎ ጮኸ፤ አዛዦቹም ሽጉጡን ለጊዜው አቆሙት። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሌላ የአየር ኃይል ባልደረባ በሰው ሞትና በሐሰት ቃል ተጠርጥሮ ተያዘ፤ ሽጉጦቹም ተፈትሸው ወደ ሥራ ተመለሱ። ስለዚህ ያንን ሞት እንደ ማስረጃ የሚያቀርብላችሁ ካለ አትስሙት። እኔም አላቀርበውም።

ያለ እሱም የእኔ ክርክር ይቆማል። ለመሆኑ ይህ የፍርድ ቤት ክርክር ነው? አይደለም፤ የግዢ ውሳኔ ነው። ፍርድ ቤት ኩባንያውን ጥፋተኛ ለማለት ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ እኔ ዕቃውን ላለመግዛት ማስረጃ አያስፈልገኝም። በተመሳሳይ ዋጋ፣ ለተመሳሳይ ሥራ፣ እንዲህ ያለ ክስ ያልተከመረባቸው አምስት ስድስት ሽጉጦች እዚያው መደርደሪያ ላይ ተደርድረው እያሉ፣ ይህንን በወገቤ ላይ፣ ከአንጀቴ አጠገብ የማስርበትን ምክንያት የማቅረብ ግዴታ ያለበት ሻጩ ነው። “ሚሊዮኖች ይዘውታል፣ ምንም አልሆኑም” የሚለው መልስ አይሆንም። ሚሊዮኖቹ ምንም ካልሆኑ እሰየው። አንተ ግን የምትለብሰው አንዱን ነው፤ የትኛው እንደሆነ አታውቅም።

“ችግር ቢኖረው መንግሥት ያስቆመው ነበር” የሚልም አለ። ይህን የሚሉ ሰዎች ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት እምነት ይመስለኛል፤ ‘አሜሪካ እኮ ነው፣ ቁጥጥር አለ’ የሚል። ስሙኝ። በአሜሪካ የዳቦ መጥበሻ፣ የሕፃን አልጋ፣ የልጆች መጫወቻ ሽጉጥ ሳይቀር የሚቆጣጠር የፌዴራል ኮሚሽን አለ። የፍጆታ ዕቃዎች ደኅንነት ኮሚሽን ይባላል፤ ኃላፊነቱ የተሰጠው በ1972 ነው። እውነተኛ ሽጉጥ ግን ከሥልጣኑ ውጪ ተደርጓል። ኮንግረስ ሆን ብሎ ነው ያወጣው። ጉድለት ያለበትን ሽጉጥ ከገበያ ሰብስብ ብሎ አምራቹን የሚያዝ አንድም የፌዴራል መሥሪያ ቤት የለም። አምራቹ ከፈለገ ይሰበስባል፤ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ2020 አንዱን ሞዴሉን ራሱ ጠርቶ አስተካክሏል። ካልፈለገ “ማሻሻያ” ይለዋል። ይባስ ብሎ የሲግ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት የኒው ሃምፕሻየር ግዛት በ2025 “መጠበቂያ የለውም” በሚል ብቻ አምራቹን መክሰስን የሚገድብ ሕግ አወጣ። እንግዲህ መርማሪህ አንተው ነህ። ሌላ የለህም።

የግሎክ ወገኖች አታጨብጭቡ፤ ወደ እናንተም እየመጣሁ ነው።

የግሎክን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጋስተን ግሎክ የሚባል ኦስትሪያዊ፣ የመጋረጃ ዘንግና የወታደር ቢላዋ የሚሠራ ሰው፣ ሽጉጥ ሠርቶ የማያውቅ፣ የአገሩን ጦር ጨረታ አሸነፈ፤ በ1982 ኦስትሪያ ተቀበለችው። አካሉ ፕላስቲክ፣ ካዝናው 17 ጥይት የሚይዝ፣ ዕቃው ጥቂት፣ ጭቃ ቢገባበት የሚተኩስ። አነስ ያለው ግሎክ 19 ባለ 15 ነው። ዛሬ አብዛኛው የአሜሪካ ፖሊስ ወገብ ላይ ያለው እሱ ወይም ወንድሙ ነው። ዕቃው ጥሩ ነው፤ አልክድም።

ግን ግሎክም የአውራ ጣት መጠበቂያ የለውም። እዚህ ላይ ለእኛ ሰዎች የተለየ አደጋ አለ፤ ሌላው የማያወራው የእኛው ጣጣ። በዚህ ከተማ ካሉት አዛውንቶችና ጎልማሶች ብዙዎቹ ሽጉጥ የነኩት አገር ቤት፣ በደርግ ዘመን ወይም ከዚያ በኋላ፣ በውትድርና ወይም በጥበቃ ሥራ ላይ ነው። የነኩትም ማካሮቭ ነው። ማካሮቭ ባለ ስምንት ጥይት፣ ጠንካራ ብረት፣ ጎኑ ላይ መጠበቂያ ያለው ነው፤ ስትዘጋው መዶሻውን በሰላም ያወርደዋል፤ ከዚያ በኋላም የመጀመሪያው ምላጭ ረጅምና ከባድ ነው። እጃቸው የተማረው ይህን ነው። ጋሼ ማካሮቭን በ1970ዎቹ እንደ ዳዊት ደግመውት ሊሆን ይችላል፤ ግሎክ ላይ ግን አውራ ጣታቸው የለመደውን ቁልፍ ይፈልጋል፣ አያገኝም። “ሽጉጥ አውቃለሁ” የሚለው ልበ ሙሉነት አደገኛ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ምንም የማያውቀው ልጅ ቢያንስ ሥልጠና ይገባል።

ሌላም አለ። ግሎክን ለማጽዳት ስትፈታው ምላጩን መሳብ ግድ ነው። ካዝናውን አውጥቶ፣ ማስወንጨፊያው ውስጥ የቀረችውን አንዷን ጥይት የረሳ ሰው ምላጩን ሲስብ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። በዚህ መንገድ መዳፉን፣ ጭኑን፣ የጎረቤቱን ግድግዳ የመታ ሰው ጥቂት አይደለም። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤም ኤንድ ፒ ሽጉጥ ምላጩ ሳይሳብ እንዲፈታ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ መሐንዲሶች ችግሩን አውቀውታል ማለት ነው። የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ ደግሞ ግሎክን ሲቀበል ፋብሪካው የሚሸጠውን 2.5 ኪሎ ገደማ የሚጫን ምላጭ አልፈልግም ብሎ፣ ከ5 ኪሎ በላይ የሚጫን ከባድ ምላጭ አስገጥሞ ለረጅም ዓመታት ተጠቅሞበታል። በደመወዝ የሚሠለጥን ፖሊስ እንኳን ያንን ያህል ተፈርቶለታል። ቅዳሜ ገዝቶ ሰኞ የሚታጠቀው የእኛ ልጅስ?

የጥይት መጠን ክርክር ላይ ብዙ አልቆይም፤ ተዘግቷልና። ኤፍ ቢ አይ በ1986 ማያሚ ላይ ሁለት ባልደረቦቹ ከተገደሉበት ተኩስ በኋላ “9 ሚሊ ሜትር አይበቃም” ብሎ ወደ ትልልቅ ጥይት ሄደ፤ ባለ 40 የሚባለውም በ1990 ከዚያ ፍለጋ ተወለደ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ የራሱ ማሠልጠኛ የዘመኑ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት በቁስሉ ከሌሎቹ ያን ያህል እንደማያንስ፣ ሰዎቹም በእሱ ሲተኩሱ እንደሚፈጥኑና እንደሚያነጣጥሩ ጽፎ ተመለሰ። በ2016ም ለግሎክ ውል ሰጠ። “ባለ 45 ወንድ ነው” የሚለው ወንድማችን የሚከራከረው ኤፍ ቢ አይ ዙሮ የተመለሰበትን መንገድ እንደ አዲስ ለመሄድ ነው። የ17 ጥይትና የ15 ጥይት ክርክሩም ሜሪላንድ ላለ ሰው ዋጋ የለውም፤ ግዛቲቱ ከ2013 ጀምሮ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና እንዳይሸጥ ከልክላለች።

ይልቅ ማንም የማይጠይቀውን ጥያቄ ልጠይቅ። ትመታለህ? ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2008 የኒው ዮርክ ፖሊስን መዝገብ አገላብጦ ነበር። ከ1998 እስከ 2006 ባለው ጊዜ፣ ተኩስ በሚመልስ ሰው ላይ ፖሊሶቹ ከተኮሱት ጥይት ዒላማውን ያገኘው 18 በመቶው ነው። ባላንጣው በማይተኩስበት ጊዜ 30 በመቶ። የሠለጠነ ፖሊስ፣ በቅርብ ርቀት። ከአምስት ጥይት አራቱ ሌላ ቦታ ሄደ ማለት ነው፤ ወደ ቺፕሱ መደርደሪያ፣ ወደ ደንበኛው፣ ወደ ውጭ። ይህን ቁጥር የሚቀይረው የሽጉጡ ስም አይደለም፤ ልምምድ ነው። ልምምድ ደግሞ ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋል፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ሁለቱም የሉትም። 600 ዶላር ለሽጉጥ አውጥቶ ለጥይትና ለሥልጠና ሌላ 600 ማውጣት የማይችል ሰው ርካሹን ሽጉጥ ገዝቶ የተረፈውን ልምምድ ላይ ቢያውል ይሻለዋል። ይህን የሚነግራችሁ ሻጭ ካገኛችሁ ደንበኛው ሁኑ።

ሴቶች እህቶቻችንን በተመለከተ ደግሞ ያለው ድፍረት ያስገርመኛል። ባልየው የራሱን ምርጫ ገዝቶ “ይህን ያዢ” ይላታል። እጇ ምላጩ ላይ በትክክል ይደርሳል? የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ለማቀባበል ጣቷ ይችላል? ማንም አልጠየቃትም። እጃቸው ለደከመ፣ መገጣጠሚያ ለሚያማቸው ሰዎች ተብሎ ብረቱ ቀለል ብሎ የሚሳብ ሽጉጥ ከ2018 ጀምሮ አለ፤ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ ይባላል፤ እጀታው ላይ በመዳፍ የሚጫን መጠበቂያ አለው፣ የአውራ ጣት መጠበቂያ ያለውንም መምረጥ ይቻላል። በግሩፖቻችን ውስጥ ስሙ ሲነሳ ግን ሰምቼ አላውቅም። “የሴት ሽጉጥ ነው” ተብሎ ነው የሚታለፈው። የሚታጠቀው ሰው አንገት ላይ ያለውን ክብር ነው የሚመርጡት፣ እጁን አይደለም።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ይህንን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ አትዝለሉት።

በ2021 በአሜሪካ በጥይት ከሞቱት 48,830 ሰዎች ውስጥ 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ። ካሊፎርኒያ ውስጥ 26 ሚሊዮን ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ፣ በ2020 የታተመ ጥናት ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ከሌላቸው ወንዶች ይልቅ በጥይት ራሳቸውን የማጥፋት ዕድላቸው ስምንት እጥፍ ገደማ፣ ሴቶቹ ደግሞ 35 እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኘው። እነዚያው ተመራማሪዎች በ2022 ሽጉጥ ካለው ሰው ጋር አንድ ቤት የሚኖሩትን፣ ራሳቸው ግን የሌላቸውን ሰዎች ሲያዩ፣ በጥይት የመገደል ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ነበር፤ በትዳር ጓደኛ ወይም በፍቅረኛ የመመታቱ ሰባት እጥፍ። የሞቱት በብዛት ሴቶች ናቸው።

እኛ ደግሞ ስለ ጭንቀት የማንነጋገር ሕዝብ ነን። “ተጨንቄያለሁ” የሚለውን ልጅ “ጸልይ” ብለን እንሸኘዋለን። በትዳር ያለውን ዱላ “የቤት ገመና” ብለን እንሸፍነዋለን። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ተቀባብሎ ከትራስ ሥር የሚቀመጥ ሽጉጥ ሌባ የሚያገኘው ስንቴ ነው? የቤቱ ሰው የሚያገኘውስ? ስለዚህ “የትኛውን ልግዛ” የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው “የት ልታስቀምጠው ነው?” ብዬ ነው። በጣት ኮድ የሚከፈት፣ ግድግዳ ወይም አልጋ ላይ የሚታሰር ትንሽ የብረት ሣጥን ከሽጉጡ ጋር በአንድ ቀን የማይገዛ ሰው ሽጉጥ አይግዛ። እዚህ ላይ አልደራደርም።

ከሣጥኑ እኩል የሚናቀው አፎቱ ነው። ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ አፎት የሌለው ሽጉጥ፣ ግሎክ ይሁን ሲግ፣ ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ሲንከላወስ ምላጩን የሚስበው ምን እንደሆነ አይታወቅም። በ10 ዶላር የሚሸጠውን የጨርቅ አፎት ተዉት።

ሕጉስ? የእኛ ሰው ትልቁን ዋጋ የሚከፍለው እዚህ ነው። አሌክሳንድሪያ የሚኖር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥ በሕግ የመያዝ ፈቃድ ያለው ወንድማችን የ14ኛው ጎዳና ድልድይን ተሻግሮ ዲሲ ሲገባ ያ ፈቃድ ወረቀት ብቻ ነው። ዲሲ የሌላ ግዛት ፈቃድ አትቀበልም። የዲሲ ፈቃድ ሳይኖር ሽጉጥ መያዝ እስከ አምስት ዓመት የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የሱቁ ባለቤት በራሱ ንግድ ቤት ውስጥ የሚፈቀድለት ነገር ለተራ ተቀጣሪ በራሱ አይፈቀድለትም። ኡበር ለሚሠሩት ደግሞ ነገሩ ያጠረ ነው፦ ኩባንያው ሾፌር ሽጉጥ እንዳይዝ ከ2015 ጀምሮ ከልክሏል፤ ከተገኘ ሥራው ይቀራል።

ዜግነት ያልወሰዱ ልብ ይበሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሽጉጥ መግዛት ይችላል፤ ነገር ግን የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በጦር መሣሪያ ወንጀል መፈረድን ብቻውን የማባረሪያ ምክንያት አድርጎታል። ሃያ ዓመት ኖረህ፣ ልጆች ወልደህ፣ ግብር ከፍለህ፣ በአንድ ድልድይ መሻገር። ማንም ሰው አልተጎዳም፣ ማንም አልተዘረፈም፣ አንድ ጥይት አልተተኮሰም፤ ፋይልህ ግን ተከፈተ።

ጫት የምትቅሙም አላችሁ፤ እንዳልሰማሁ አላልፍም። ሽጉጥ ሲገዛ የሚሞላው የፌዴራል ቅጽ በሕግ የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው መደብ ተመዝግቧል። ለእኛ ጫት ጨዋታ ነው፤ ለዚያ ቅጽ ግን ዕፅ ነው፤ ቅጹ ላይ መዋሸት ደግሞ ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው።

አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች “ይህ የእነሱ ጉዳይ ነው” አትበሉ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል መሆኑን ታውቃላችሁ። በጥቁር ገበያ “የቱርክ ሽጉጥ” እየተባለ ከሚዞረው ውስጥ ደግሞ መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ለማሰማት ተሠርቶ በኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ የተቀየረ እንዳለ በጥናት ተመዝግቧል። እዚህ በፋብሪካ ሽጉጥ ላይ ይህን ያህል ከተጨቃጨቅን፣ ያ ብረት እጅ ውስጥ ሲፈነዳ ማንን ትከሳላችሁ?

በውስጥ መስመር “አታምታታ፣ አንዱን ስም ጥራ” የምትሉኝ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እሺ። ሥልጠና ለወሰደና ለሚለማመድ ሰው ግሎክ 19፤ እጁ መጠበቂያ ለለመደ፣ ማካሮቭ ላይ ላደገ ሰው የአውራ ጣት መጠበቂያ ያለው ኤም ኤንድ ፒ፤ እጁ ለደከመ ሰው ሺልድ ኢዚ። ሦስቱንም ከመግዛታችሁ በፊት መተኮሻ ቦታ ሄዳችሁ ተከራዩና ሃምሳ ሃምሳ ጥይት ተኩሱ። ያለ መጠበቂያ የሚሸጠውን ፒ 320 ግን፣ ጦሩ ይምረጠው፣ ፕሬዚዳንቱ ይምረጠው፣ አልመክርም።

ፒ 320 አስቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ካዝናውን አውጡ፣ ከዚያም ብረቱን ስባችሁ ውስጡ የቀረች ጥይት አለመኖሯን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ። መለያ ቁጥሩን ጻፉና በ2017 የተጀመረው ማሻሻያ ተደርጎለት እንደሆነ ኩባንያውን ጠይቁ። ከሰው በሁለተኛ እጅ የገዛችሁ በተለይ። መልሱ እስኪመጣ ሣጥኑ ውስጥ፣ ባዶውን ይቀመጥ።